ማንም ሳይጫወት የሚያጉረመርም ቀረጻ፦ ምልክቱ፣ ምክንያቱና መፍትሔው

ምልክቱ ይህ ነው፦ ማይክሮፎኑ ፊት ማንም ሳይኖር በሄድፎኑ ውስጥ ወፍራምና የማያቋርጥ «እምምም» የሚል ጉምጉምታ ይሰማል፤ የላፕቶፑን ወይም የሳውንድ ካርዱን (ማይክሮፎኑን ከላፕቶፑ ጋር የሚያገናኘውን ዕቃ) ብረት በእጅ ሲነኩት ድምፁ ይቀንሳል ወይም ይብሳል፤ አንዳንድ ጊዜ ጣትንም ነዘር ያደርጋል። በደብረ ብርሃንና በዙሪያዋ በቤታቸው መቅዳት የጀመሩ ወጣቶች ይዘውልኝ ከሚመጡት ችግር አብዛኛው ይኸው ሲሆን፣ የሚመጡትም ማይክሮፎን ቀይረው ገንዘባቸውን ከጨረሱ በኋላ ነው።

የአገራችን መብራት 220 ቮልት ሆኖ በሰከንድ 50 ጊዜ ስለሚመላለስ፣ የምንሰማው ጉምጉምታ ይኸው 50 ኸርትዝና እጥፉ 100 ኸርትዝ ነው። የላፕቶፕ ቻርጀር በውስጡ ያለው ማጣሪያ ትንሽ የኤሌክትሪክ ፍሳሽ ወደ መሬት እንዲያወርድ ታስቦ የተሠራ ነው፤ ወደ መሬት የሚወስደው የኧርዝ ሽቦ ከሌለ ግን ያ ፍሳሽ በላፕቶፑ አካል፣ በዩኤስቢ ገመዱና በሳውንድ ካርዱ በኩል ዞሮ ከዜማው ጋር ይቀረጻል። ይህን ለማረጋገጥ ቻርጀሩን ነቅሎ በባትሪ ብቻ ማዳመጥ ይበቃል። ጉምጉምታው ወዲያው ከጠፋ ማይክሮፎኑ ንጹሕ ነው። ካልጠፋ ደግሞ ክራር የሚቀዳ ከሆነ ፒክአፑን (የአውታሩን ንዝረት ወደ ኤሌክትሪክ የሚቀይረውን ዕቃ) እና ገመዱን ይመርምሩ፤ ረጅም የሞኖ ገመድ ከቻርጀር አጠገብ ተጠቅልሎ ሲቀመጥ ያንኑ ድምፅ ይሰበስባል።

አንድ መዝሙር የሚቀዳ ተማሪ ሦስት ማይክሮፎን ከቀያየረ በኋላ ጠራኝ። የሶኬት ማከፋፈያውን በብሎን መፍቻ ስከፍተው ባለ ሦስት ቀዳዳ ሆኖ ሳለ ከገመዱ የገቡት ሽቦዎች ሁለት ብቻ ነበሩ፤ ሦስተኛው ቀዳዳ ለጌጥ የተበሳ ነው። እንዲህ ያለውን ዕቃ ሠርቶ የሚሸጥ ሰው ምን እንደሚያስብ እስከ ዛሬ አልገባኝም። ሸዋ ሮቢት ያገኘሁት ክራር ተጫዋች ደግሞ ደህና ማከፋፈያ ገዝቶም ድምፁ አልለቀቀውም፤ የግድግዳው ሶኬት ሲፈታ ቢጫና አረንጓዴው የኧርዝ ሽቦ ከምንም ሳይታሰር ተጠቅልሎ ተኝቶ ነበር። ከሁሉም ያናደደኝ ግን ሶኬቱ አልገባ ስላለው ብቻ የቻርጀሩን ሦስተኛ እግር፣ የኧርዙን፣ በፒንሳ የቆረጠው ሌላ ሰው ነው። እባካችሁ፣ ያ እግር የሚያድነው ቀረጻን ብቻ አይደለም።

ለጊዜው መፍትሔው ባትሪ ሞልቶ ቻርጀሩን ነቅሎ መቅዳት፣ ሌሎቹን ዕቃዎች ሁሉ ከአንድ ማከፋፈያ መሰካት ነው። ለዘለቄታው ባለ ሦስት ሽቦ ማከፋፈያ ይገዛል፣ ሲገዛም ተከፍቶ ይታያል፤ ቤቱ ኧርዝ ከሌለው ኤሌክትሪክ ሠራተኛ የብረት ዘንግ መሬት ውስጥ ቀብሮ ያስገባል። ኧርዝን ከኒውትራል (ኤሌክትሪኩ ከሚመለስበት ሽቦ) ጋር ማሰር ክልክል ነው፤ ኒውትራሉ የተበጠሰ ዕለት የላፕቶፑ ብረት 220 ቮልት ይሸከማል። ከውኃ ቧንቧ ጋርም አይታሰርም። ቆጣሪው ሳይጠፋ ሶኬት አይፈታም። የሚነዝር ማይክሮፎን ላይ ከንፈር አስጠግቶ አይዘመርም፣ በእርጥብ ወለል ላይ በባዶ እግር ቆሞማ ፈጽሞ አይሞከርም።

ድምፁ ደካማና «ሽሽሽ» የሚል ከሆነ፣ 48 ቮልት ፋንተም (በማይክሮፎኑ ገመድ የሚላክ ኃይል) የሚፈልግ ኮንደንሰር ማይክሮፎን ጥቂት ቮልት ብቻ በሚሰጠው የላፕቶፕ ቀዳዳ ተሰክቶ ይሆናል፤ ሳውንድ ካርድ ያስፈልገዋል። የራስ ድምፅ በሄድፎን ዘግይቶ ከመጣ በመቅጃ ፕሮግራሙ ውስጥ ያለው ባፈር (ላፕቶፑ ድምፁን በአንድ ጊዜ የሚያጠራቅምበት መጠን) ወደ 128 ይውረድ፤ በ48,000 ኸርትዝ 1,024 ባፈር ብቻውን 21 ሚሊ ሰከንድ ያዘገያል፣ 128 ግን ከ3 ያንሳል። ድምፁ ከተሰነጠቀ ጌይኑ (የማይክሮፎኑ ድምፅ ማጉያ) ተቀንሶ ከፍተኛው ጩኸት በፕሮግራሙ መለኪያ ላይ ከዜሮ በታች ከ12 እስከ 6 ዴሲቤል ባለው ውስጥ ይዋል።

ክፍሉ የሚያስተጋባ ከሆነ የእንቁላል ካርቶን በግድግዳ መለጠፍ ትርፉ ድካም ነው፤ ወፍራም የመንዝ ባና ከዘፋኙ ጀርባና ጎን ቢሰቀል ከዚያ እጅግ ይሻላል፣ ከግድግዳው አንድ ስንዝር ቢርቅ ደግሞ የበለጠ ይውጣል። በገና ለሚቀዱ አንድ ማሳሰቢያ አለኝ፦ በአውታሩና በብርኩማው መካከል የሚገባው ቁራጭ ቆዳ፣ እንዚራው፣ የሚሰጠው ንዝረት የመሣሪያው ጠባይ እንጂ ብልሽት ስላልሆነ፣ በሶፍትዌር ሊያጠፉት የሚሞክሩ ሰዎች የበገናውን ድምፅ ራሱን ያጠፋሉ።

በክረምት የቆርቆሮ ጣሪያ ላይ ለሚወርደው ዝናብ ግን ገመድም ባናም አይረዳም፤ እስኪያባራ ይጠበቃል።