ዝም ያለ ዎክማን እንዴት ይነሳል?

ከቁም ሳጥን ጥግ የወጣ የሶኒ ዎክማን፣ ያ በእጅ የሚያዝ የካሴት ማጫወቻ፣ ድንጋይ ገብቶለትም ዝም ካለ፣ ቶሎ «ሞቷል» አትበሉ። ጆሯችሁን አስጠጉና ስሙት። ሞተሩ ድዝዝ እያለ ካሴቱ ካልዞረ ያለቀው የሞተሩን ዙር ወደ ካሴቱ የሚያስተላልፈው ላስቲክ ነው። በአዳማ ሙቀት ደግሞ ላስቲክ ዕድሜ የለውም፤ እንደ ሬንጅ ቀልጦ መዘውሩ ላይ ይለጠፋል።

ከመፍታታችሁ በፊት ሞዴሉን እዩ፣ በሽታቸው ይለያያልና። የመጀመሪያው ቲፒኤስ-ኤል2 ጃፓን ውስጥ እ.ኤ.አ. በሐምሌ 1979 በ33,000 የን ለገበያ ቀረበ። የተሠራው ከጋዜጠኞች መቅረጫ፣ ከፕሬስማን ነው፤ ስፒከሩና መቅረጫው ወጥተው ስቴሪዮ ገባ። ስለዚህ የመቅረጫ ቁልፍ አጣሁ ብላችሁ አትድከሙ። ብርቱካንማዋ ቁልፍ ሁለት ሰው በሁለት ማዳመጫ እየሰማ ሲያወራ ሙዚቃውን ዝቅ አድርጋ ማይክ የምትከፍት ናት። እ.ኤ.አ. በ1982 የመጣው ደብሊውኤም-ዲዲ ግን ዋና ጣጣው የመሃሏ የፕላስቲክ ጥርስ ናት፤ ትሰነጠቅና በየዙሩ ጠቅ ጠቅ ትላለች። በሱፐር ግሉ ብትይዟትም አትቆይም፤ መቀየር ነው።

ወደ ላስቲኩ እንመለስ። መጀመሪያ ድንጋዩን አውጡ፤ ባለ መስቀል ትንሽ ካቻቪቴ ያዙ። ብሎኖቹ ቁመታቸው ስለሚለያይ ወረቀት ላይ የመሣሪያውን ጀርባ ሥላችሁ እያንዳንዱን በቦታው ለጥፉት። ረጅሙ በአጭሩ ቦታ ከገባ ሰርኪዩቱን ሊወጋ ይችላል። የቀለጠውን ላስቲክ በጥጥና ከ90 በመቶ በላይ በሆነ አልኮል ጥረጉ፤ አረቄ አይሆንም። ጥጡ ነጭ ሆኖ እስኪወጣ አታቁሙ፤ ትንሽ ቅባት ከቀረች አዲሱም ይንሸራተታል።

ልኩን ለማወቅ የስፌት ክር ላስቲኩ በሚሄድበት መንገድ ሁሉ ዙሩና ቁረጡ። ክሩ 20 ሴንቲ ሜትር ከሆነ የላስቲኩ ዙሪያ ሳይለጠጥ 19 ገደማ ይሁን። ከዚህ በጣም ካጠረ ሞተሩ ይጨነቃል፣ ድንጋይ ይጨርሳል። ከላላ ደግሞ የባሰ ነው፦ የካሴቱን ክር ወደፊት የሚገፋው ዘንግ ይሠራል፣ የሚጠቀልለው ጎን ግን ይቆማል፤ ቴፕ ካሴት የሚበላው እንዲህ ነው። የብር ማሰሪያ ላስቲክ አትሞክሩ። ውፍረቱ እኩል ስላልሆነ ዘፋኙ የሚንቀጠቀጥ ይመስላል።

ሽፋኑ ሳይዘጋ ሄዱን፣ ማለትም ድምፁን ከካሴቱ ክር የሚያነበውን ክፍል፣ በአልኮል፣ ክሩን የሚጫነውን የጎማ ጥቅል ግን በሳሙና ውሃ በረጠበ ጨርቅ አጽዱ። የአዳማ አቧራ ሄድ ላይ ሲጋገር ድምፁ ከብርድ ልብስ ውስጥ የሚመጣ ይመስላል። የድንጋዩ ማስቀመጫ ላይ ነጭ ዱቄት ካለ ኮምጣጤ ጠብ አድርጋችሁ ጥረጉት፣ ከዚያ በአልኮል አድርቁት።

ለሙከራ የምትወዱትን ካሴት አታስገቡ። የተጣለ ካሴት በቢክ እስክሪፕቶ አጠንጥናችሁ ክፈቱት። ፍጥነቱ በሴኮንድ 4.76 ሴንቲ ሜትር መሆን አለበት፤ እሱን በስልክ መለካት ይቻላል። ስልካችሁ ላይ ያለ ዘፈን በካሴቱም ካለ ሁለቱን በሰዓት ያዙ። አራት ደቂቃው በ3፡50 ካለቀ ፈጥኗል። ሞተሩ አጠገብ ያለችውን የፍጥነት ማስተካከያ በጣም በትንሹ፣ ፀጉር ታህል ብቻ አዙሩና እንደገና ለኩ።