መስቀለኛ መንገድን በሰላም እንዴት ማለፍ ይቻላል?

መስቀለኛ መንገድ ላይ የሚደርስ ግጭት ብዙውን ጊዜ የሚጀምረው መሃሉ ላይ ሳይሆን ትንሽ ቀደም ብሎ ነው። ሹፌሩ ከሩቅ አረንጓዴ አይቶ «እደርስበታለሁ» ብሎ ነዳጅ ሲረግጥ ነው ነገሩ የሚበላሸው። እኛም ከዚያው እንጀምር።

1. ሳይደርሱ እግርዎን ከነዳጅ መስጫው ላይ ያንሱ

በሰዓት 50 ኪሎ ሜትር የሚሄድ መኪና በአንድ ሴኮንድ 14 ሜትር ገደማ ይጓዛል። አደጋ አይቶ እግርን ወደ ፍሬን ለማዛወር ቢያንስ አንድ ሴኮንድ ይፈጃል። መኪናው ገና ፍጥነቱን ሳይቀንስ 14 ሜትር ሄደ ማለት ነው። ከዚያ ፍሬኑን ጥርቅም አድርገው ቢይዙት እንኳ በደረቅ አስፋልት ሌላ 14 ሜትር ያህል ይፈልጋል። መንገዱ ከረጠበ ወይም የጎማው ጥርስ ካለቀ ደግሞ ከዚህም ይብሳል።

መፍትሔው ቀላል ነው። ወደ መስቀለኛው ሲቃረቡ እግርዎን ፍሬኑ ላይ ጠጋ ያድርጉት። መጫን አያስፈልግም፣ ዝግጁ ይሁን ብቻ።

2. ስለ ቢጫው አስቀድመው ይወስኑ

ቢጫ ማለት «ፍጠን» የሚመስላቸው ሹፌሮች ሞልተዋል። ትርጉሙ ግን ቁም ነው። ማለፍ የሚቻለው በሰላም ለመቆም የማይቻልበት ርቀት ላይ ከተደረሰ ብቻ ነው።

ችግሩ ቢጫው ሲበራ ለማሰብ ጊዜ የለም። ስለዚህ ቀድመው ያስቡበት። ቢጫ አብዛኛውን ጊዜ ከ3 ሴኮንድ አያንስም። በ50 እየነዱ ከሆነ 3 ሴኮንድ 42 ሜትር ያስኬዳል። ከማቆሚያው መስመር 40 ሜትር ያህል ወዲህ ያለ ምሰሶ ወይም ዛፍ በዓይንዎ ይምረጡ። ቢጫው እሱን ሳያልፉ ከበራ፣ ይቁሙ። ካለፉት በኋላ ከበራ ፍጥነት ሳይጨምሩ ይለፉ። ፍሬን ሲይዙ ስፖኪዮውን አየት ያድርጉ። ከኋላዎ ያለው ሰው እርስዎ የሚያልፉ መስሎት ተከትሎ ሊያልፍ አስቦ ይሆናል።

3. አረንጓዴ ሲበራ አይፈትለኩ

አንድ ሴኮንድ ይታገሱ። መኪና በቀኝ በሚነዳበት አገር መጀመሪያ የሚደርስብዎት ከግራ የሚመጣው ነው። ግራ፣ ቀኝ፣ እንደገና ግራ ይመልከቱ። ከኋላ ያለው ክላክስ ቢያደርግም እንዳሻው ይጩህ።

ይህን ያህል አጥብቄ የምናገረው የጎን ግጭት ከፊት ለፊት ግጭት ስለሚለይ ነው። ከፊት ሲገጩ ኮፈኑና የመኪናው አፍንጫ እየተጨማደደ የግጭቱን ጉልበት ይቀንሰዋል። ከጎን ግን በእርስዎና ቀይ ጥሶ በመጣው መኪና መካከል ያለው አንድ በር ነው፣ ውፍረቱም ስንዝር ገደማ ነው። የግጭት ጉልበት ደግሞ ከፍጥነት ጋር እኩል አያድግም። ፍጥነት ከ30 ወደ 60 ሲጨምር ጉልበቱ አራት እጥፍ ይሆናል። በ50 ኪሎ ሜትር ፍጥነት ግድግዳ መግጨት ከ10 ሜትር ከፍታ ላይ ከመውደቅ ጋር ይተካከላል።

4. ከምሰሶው ጀርባ ያለውን ይፈልጉ

የፊት መስታወቱን ግራና ቀኝ የያዙት ምሰሶዎች ቀጭን ይመስላሉ። ከሾፌሩ መቀመጫ ሲታይ ግን አንዱ ብቻ ሙሉ ሞተር ሳይክል ወይም እግረኛ ይደብቃል። ይባስ ብሎ፣ ሁለት ተሽከርካሪዎች ለመጋጨት እየተቃረቡ ከሆነ አንዱ ለሌላው ሁልጊዜ በአንድ አቅጣጫ ነው የሚታየው። በምሰሶው የተጋረደ ሞተረኛ እስከ መጨረሻዋ ደቂቃ ተጋርዶ ሊቆይ ይችላል። «አላየሁትም» የሚሉ ሹፌሮች ሁሉ ውሸታሞች አይደሉም።

ስለዚህ ከመግባትዎ በፊት ራስዎን ወደ ፊትም ወደ ጎንም ነቅነቅ አድርገው ይመልከቱ። ሞተር ሳይክል ትንሽ ስለሆነ ካለበት የራቀና የዘገየ እንደሚመስልም ይወቁ።

5. ወደ ግራ ሲታጠፉ ችኮላውን ይተዉት

እኔን ከጠየቁኝ ከሁሉም አስቸጋሪው ይኸው ነው። መሃል ላይ ቆመው ሲጠብቁ ጎማዎን ቀጥ አድርገው ይያዙ። አስቀድመው መሪ ጠምዝዘው ከሆነና ከኋላ ከተገጩ፣ መኪናዎ የሚገፋው ከፊት ወደሚመጡት መኪኖች ነው። ጎማው ቀጥ ካለ ግን በራስዎ ረድፍ ወደ ፊት ይገፋል።

ከፊት የሚመጣው ሹፌር ቆሞ «እለፍ» ብሎ እጁን ቢያወዛውዝስ? ደግ ሰው ነው፣ ግን ከጎኑ ባለው ረድፍ የሚመጣው አላወቀዎትም። ቀስ ብለው አጮልቀው ይውጡ። ፍሬቻም ብቻውን አይታመን፣ ረስቶት የሚሄድ ብዙ ነው። ፍጥነቱ መቀነሱንና ጎማው መዞር መጀመሩን ይዩ።

6. መውጫ ከሌለዎት አይግቡ

አረንጓዴም ቢሆን ከመስቀለኛው ማዶ ለመኪናዎ የሚበቃ ቦታ ከሌለ መስመሩ ላይ ይቆዩ። አለበለዚያ መሃል ላይ ቀርተው አራቱንም አቅጣጫ ያስራሉ። ከጎንዎ ያለ መኪና ዜብራ ላይ ከቆመም አልፈውት አይሂዱ። በምክንያት ነው የቆመው፣ እግረኛው ደግሞ በእሱ ተከልሏል።

7. መብራቱ ከጠፋ

ትራፊክ ፖሊስ ካለ የእሱ ምልክት ከመብራትም ይበልጣል። ከሌለ ቅድሚያ አለኝ ብለው አያስቡ፣ ቆመው ተራ በተራ ይለፉ። አደባባይ በዚህ ረገድ ይሻላል። ባለ አራት አቅጣጫ መስቀለኛ የተሽከርካሪዎች መንገድ የሚገናኝባቸው 32 ነጥቦች ሲኖሩት፣ ባለ አንድ ረድፍ አደባባይ ያሉት 8 ብቻ ናቸው። መብራትም አይፈልግም።

8. መታጠፊያው ካመለጠዎት ይለፍዎት

መስቀለኛው መሃል ላይ ድንገት መሪ የሚጠመዝዝ ወይም ወደ ኋላ የሚመለስ መኪና ማንም አይጠብቅም። ቀጥ ብለው ይሂዱና ቀጣዩ መዞሪያ ላይ ይዙሩ።