ሊፖዞሞችን ሲያዋህዱ ሊያስወግዷቸው የሚገቡ ስህተቶች

ሊፖዞም ከሊፒድ (ስብ መሰል ሞለኪውል) ድርብ ንብርብር የተሠራ፣ በውስጡ ፈሳሽ የያዘ ጥቃቅን ፊኛ ነው። ጓኒዲኒየም (ፖዘቲቭ ቻርጅ ያለው ኬሚካዊ ቡድን) የለበሰ ሊፖዞምና ፎስፌት (ኔጋቲቭ ቻርጅ ያለው) የለበሰ ሊፖዞም ሲገናኙ በተቃራኒ ቻርጅና በጥንድ የሃይድሮጂን ትስስር ይያያዛሉ፤ ይህም ትውውቅ ይባላል። ከዚያ ወዲያ የሚሆነው እንደ አሠራሩ ነው። ከታች ያሉት ስህተቶች የትም ላቦራቶሪ ይፈጸማሉ። ጥቂቶቹ ግን እንደ ደብረ ብርሃን ባለ፣ ከባሕር ጠለል በላይ 2,800 ሜትር ገደማ በሆነ ብርዳማ ስፍራ ይብሳሉ።

መጠኑ ስላደገ ተዋሕዷል ማለት። ከሁሉም የሚከፋው ይህ ነው። ሁለቱ ሲቀላቀሉ ፈሳሹ ይደፈርሳል፤ በብርሃን ብተና የሚለካው መጠንም ከ100 ናኖሜትር ተነሥቶ ብዙ መቶ ሊደርስ ይችላል። ይህ የሚያረጋግጠው መጣበቅን ብቻ ነው። ሁለት ሰዎች ተጨባበጡ ማለት ጎጆ ወጡ ማለት አይደለም። ከመጣበቅ ቀጥሎ የውጭ ንብርብሮች ብቻ የሚቀላቀሉበት ግማሽ ውህደት አለ፤ የውስጥ ፈሳሾች የሚገናኙበት ሙሉ ውህደት የሚመጣው ከዚያ በኋላ ነው። እያንዳንዱ የራሱ ፈተና ያስፈልገዋል።

ለሊፒድ መቀላቀል ኤንቢዲና ሮዳሚን የተባሉ አብሪ ቀለሞችን የተሸከሙ ሊፒዶችን እያንዳንዳቸውን 1 ሞል በመቶ አድርገው በአንደኛው ወገን ብቻ ይክተቱ። ከዚያ ቀለም ከሌለው ወገን ጋር 1 ለ 4 ይቀላቅሉ። በ465 ናኖሜትር አብርተው በ530 ሲያነቡ፣ ሮዳሚን በቅርብ ሳለ የኤንቢዲን ብርሃን ስለሚውጥ፣ ቀለሞቹ ሲራራቁ የኤንቢዲ ብርሃን ይጨምራል። የ100 በመቶውን ልክ ብዙዎች ሊፖዞሙን በሚያፈርሰው ሳሙና መሰል ትራይተን ኤክስ-100 ያወጡታል፤ ትራይተን ግን ራሱ የኤንቢዲን ብርሃን ስለሚቀንስ ውህደቱን አጋንኖ ያሳያል። ከጅምሩ ከእያንዳንዱ ቀለም 0.2 ሞል በመቶ (1 ለ 4 ሲደባለቅ የሚደረስበት ልክ) ያለው ሊፖዞም ሠርቶ እንደ መለኪያ መያዝ ይሻላል። የውስጠኛው ንብርብር መቀላቀሉን ለማየት ደግሞ የውጩን ኤንቢዲ አስቀድመው በዲቲዮናይት ያጥፉ፣ ዲቲዮናይቱንም በማጣሪያ ኮለም ያስወግዱ።

ለውስጥ ፈሳሽ 20 ሚሊሞላር ሰልፎሮዳሚን ቢ (ሲታጨቅ የሚደበዝዝ፣ ሲቀጥን የሚያበራ ቀለም) በአንዱ ወገን ይሞላል። ብርሃኑ ቢጨምር ገና አይደሰቱ፤ ቀለሙ ወደ ውጭ ፈስሶም ሊሆን ይችላል። ቀለሙን በዚያው መጠን በሁለቱም ወገን ሞልተው ሙከራውን ይድገሙ፤ አሁንም ብርሃኑ ከጨመረ ያዩት ፍሳሽ ነው። የውስጡና የውጩ ፈሳሽ ኦስሞላሪቲ (የሟሙ ቅንጣቶች ብዛት) ካልተመጣጠነ ሊፖዞሙ ያለ አንዳች ትውውቅ ያፈስሳል።

ፒቢኤስን በልማድ መጠቀም። ፒቢኤስ ፒኤችን የሚጠብቅ የፎስፌትና የጨው ፈሳሽ ነው፤ በውስጡ 10 ሚሊሞላር ገደማ ፎስፌት አለ። ይህ ነፃ ፎስፌት ጓኒዲኒየሙን ቀድሞ ይይዝብዎታል፣ በሊፖዞሙ ላይ ካለው ፎስፌትም በብዙ እጥፍ ይበልጣል። ለመጀመሪያ ሙከራ 10 ሚሊሞላር ሄፔስ (ፎስፌት የሌለበት ፒኤች ጠባቂ)፣ ፒኤች 7.4፣ ጨው ያልበዛበት ይጠቀሙ። ፎስፌትን መጨመር የሚጠቅመው ሆን ተብሎ ለማወዳደሪያ ሲሆን ነው። ያኔም ተመሳሳይ የአዮን ጥንካሬ ያለው የሶዲየም ክሎራይድ ናሙና በአጠገቡ ይኑር፤ አለበለዚያ ጨው ብቻውን መሳሳቡን ስለሚያላላ ማን እንዳላቀቃቸው ሊለይ አይችልም። ያልለበሰ ከለበሰ፣ ያልለበሰም ካልለበሰ የተቀላቀለበት ናሙናም አይቅር።

የለበሰውን ሁሉ ወደ ውጭ መቁጠር። ጓኒዲኒየም ወይም ፎስፌት ጫፍ ያለውን ሊፒድ ከመጀመሪያው ከሌሎቹ ጋር ካደረቁት፣ በ100 ናኖሜትር ሊፖዞም ግማሽ ያህሉ ወደ ውስጥ ይዞራል። 5 በመቶ ጨመርኩ ያለ ሰው ለትውውቅ ያሰለፈው 2.5 ገደማ ብቻ ነው። አጭር ጫፍ ፔግ 2000 ከተባለው ረጅም ፖሊመር ጋር አብሮ ከገባም በፔጉ ይሸፈናል።

ብርዱንና ከፍታውን መርሳት። ዲፒፒሲ የተባለው ሊፒድ የሚለሰልሰው በ41 ዲግሪ ነው፤ ውሃ ሲያስገቡበትም በማጣሪያ ሲያሳልፉትም 50 ዲግሪ ይሁን፣ የመስታወት ሲሪንጆቹም አብረው ይሙቁ። ዲኤምፒሲ የተባለው ሌላው ሊፒድ ደግሞ በ24 ዲግሪ ስለሚለወጥ በደብረ ብርሃን ጠዋት ጠረጴዛ ላይ ጠጥሮ ይቆያል፣ ቀትር ላይ ጠባዩ ሌላ ይሆናል። ለውህደት ሙከራ የሙቀት መጠኑ ያልተጻፈ ውጤት ዋጋ የለውም። በመጠን መለኪያውም ላይ ያው ነው፦ የውሃ ዝልግልግነት በ15 ዲግሪ 1.14፣ በ25 ዲግሪ 0.89 ሚሊፓስካል ሰከንድ ስለሆነ፣ ቀዝቃዛ ናሙና አስገብተው ወዲያው ቢያነቡ ሊፖዞሙ ካለው በላይ ትልቅ መስሎ ይታያል፤ ያንንም ውህደት ነው ሊሉት ይችላሉ። ጥቂት ደቂቃ ይጠብቁ።

ሊፒዱን ለማድረቅ የሚያገለግለው ሮታሪ ኢቫፖሬተር ላይ ያለው የግፊት ጌጅ ከከባቢ አየር አንጻር የሚያነብ ከሆነ 0.7 ባር ገደማ ላይ ይቆማል፤ እዚህ ያለው አየር ያን ያህል ነውና ፓምፑ አልተበላሸም። ቴርሞሜትርም በፈላ ውሃ ሲፈተሽ 91 ዲግሪ አካባቢ ቢያነብ ትክክል ነው። የአየር ፒፔት በከፍታ ላይ በመጠኑ ያነሰ ስለሚቀዳ እዚያው በሚዛን ይስተካከል። ሊፒዶቹ የሚሟሙበት ክሎሮፎርም ግን በመስታወት ሲሪንጅ እንጂ በፕላስቲክ ፒፔት አይቀዳም።

አንዱን በሌላው ላይ በጠብታ መጨመርም ያሳስታል። የመጀመሪያዎቹ ጠብታዎች በብዙ ተቃራኒ ተከብበው ስለሚጓጉሉ፣ ሁለቱን ወደ እኩል የፈሳሽ መጠን አቅጥነው (ጠቅላላ ሊፒድ 0.1 ሚሊሞላር ያህል) እያማሰሉ በአንድ ጊዜ ያደባልቋቸው።