ኡቡንቱ ላይ ጃፓንኛ ሳጥን ሳጥን ሲሆንባችሁ እንዴት ይስተካከላል

ጎንደር ፒያሳ ፕሪንት ቤት ስሰራ አንድ አስጎብኚ ፍላሽ ይዞ መጣ፣ ፋሲል ግቢ ለሚመጡ ጃፓኖች የተጻፈ ፕሮግራም ነው አትምልኝ አለ፣ ስከፍተው ዝብርቅርቅ። ፎንት ነው ብዬ ግማሽ ቀን ፎንት ሳወርድ ዋልኩ፣ ለካ ፎንት አልነበረም።

ስለዚህ ምንም ሳትነኩ መጀመሪያ ስክሪኑን እዩት። ሳጥን ከሆነ ፎንት የለም ማለት ነው፣ ሳጥኑ ውስጥ ያሉት ትናንሽ ቁጥሮች በ30 ከጀመሩ ሂራጋና ወይ ካታካና (የጃፓን ድምጽ ፊደሎች) ነው። ሳጥን ሳይሆን የላቲን ፊደልና ምልክት የተደባለቀበት ዝባዝንኬ ከሆነ ግን ችግሩ ኢንኮዲንግ ነው፣ ማለትም ፋይሉ ፊደሎቹን በቁጥር ያስቀመጠበት ስርዓት። የድሮ ፓወር ግዕዝ ጽሁፍ ፎንቱ በሌለበት ኮምፒውተር ስትከፍቱ የሚመጣውን ጉድ ታውቁታላችሁ አይደል፣ መልኩ እሱን ነው የሚመስለው። ጃፓኖቹ ሞጂባኬ ይሉታል።

ሳጥን ከሆነ ፎንትስ ኖቶ ሲጄኬ የሚባለውን ፓኬጅ (ሶስቱ ቃል በሰረዝ ይያያዛል) በአፕት (የኡቡንቱ ፕሮግራም መጫኛ) ጫኑና ፕሮግራሙን ዘግታችሁ ክፈቱት፣ አለቀ። ከ50 ሜጋ በላይ ስለሆነ ዳታ ከሌላችሁ የፎንት ፋይሉን ከሰው በፍላሽ አምጡ። ከየድረገጹ ነጻ ፎንት እያሉ መልቀም ግን አይመቸኝም፣ ግማሹ ካንጂ (ከቻይና የመጣው የጃፓን ፊደል) የለውም።

ዝባዝንኬ ከሆነ ደግሞ ሴቭ እንዳታደርጉ! እኔ አድርጌ ነው የተቃጠልኩት፣ ኤዲተሩ ማንበብ ያቃተውን ሁሉ በጥያቄ ምልክት ተክቶ እዛው ፋይል ላይ ጻፈበት፣ ኮፒ አልነበረኝም፣ አስጎብኚው ከላኪዎቹ እንደገና እስኪያስልክ ድረስ አይኑን ማየት አፍሬ ነበር። መጀመሪያ ፋይሉን ኮፒ አርጉት። ከዛ ሊብሬኦፊስ ራይተር ውስጥ ኦፕን ስትሉ የፋይል አይነቱ ላይ ቴክስት ቹዝ ኢንኮዲንግ የሚለውን ምረጡ፣ ከሚመጣው ዝርዝር ጃፓኒዝ ሺፍት ጂስን፣ የድሮ የዊንዶውስ ጽሁፍ አብዛኛው እሱ ነው። እምቢ ካለ ኢዩሲ ጄፒን ሞክሩ። ጽሁፉ ሲስተካከል በዩቲኤፍ ኤይት (በዩኒኮድ ኢንኮዲንግ) በሌላ ስም ሴቭ አድርጉት።

አንድ የቀረ ነገር፣ ዩኒኮድ (ለየቋንቋው ፊደል ቁጥር የሚሰጠው ስታንዳርድ) ለቻይናና ለጃፓን ብዙውን ፊደል አንድ ቁጥር ነው የሰጠው፣ ስለዚህ ጽሁፉ እየተነበበም መልኩ ቻይንኛ ሊሆን ይችላል። አጥንት የሚለውን ካንጂ ካገኛችሁ አናቱ ውስጥ ያለችውን ትንሽ ማዕዘን እዩ፣ በጃፓን ወደ ቀኝ ናት፣ ሲምፕሊፋይድ በሚባለው በቀለለው የቻይንኛ አጻጻፍ ወደ ግራ። ግራ ከሆነች ጽሁፉን በሙሉ መርጣችሁ መጨረሻው ኤስሲ ሳይሆን ጄፒ የሚለውን ኖቶ ስጡት፣ ከዛ አትሙ።