ሳትለኩ አትጠግኑ፦ የኤሌክትሪክ አቅራቢው «ኃይል እንድትቆጥቡ ላግዛችሁ» ሲላችሁ

የፋብሪካ ጥገና ኃላፊ ሳለሁ ኤሌክትሪክ የሚሸጥልን ድርጅት መጥቶ «ፍጆታችሁን እንድትቀንሱ እናግዛችሁ» አለን። ግራ ገባኝ። ሻጭ እንዴት «ቀንሳችሁ ግዙኝ» ይላል? በኋላ ሲገባኝ ነገሩ ቀላል ነው። ፍላጎት በጨመረ ቁጥር አዲስ ማመንጫና መስመር መገንባት አለበት። እኛ የምናባክነውን ማዳን ብዙ ጊዜ ከዚያ ይረክሳል። ስለዚህ ያሠለጥናል፣ ባለሙያ ይልካል፣ ለዳነው ኪሎዋት ሰዓት ይከፍላል። የፋብሪካውን የኃይል ጉዳይ ኃላፊ ደመወዝ በከፊል የሚሸፍንም አለ።

እንዲህ ዓይነት ጥሪ ከደረሳችሁ መፍቻ ከማንሳታችሁ በፊት መነሻ ፍጆታችሁን፣ ማለትም ቁጠባው በኋላ የሚነጻጸርበትን፣ ለኩ። ይሄን የምለው ደርሶብኝ ነው። በአቅራቢው የቁጠባ ፕሮግራም ከመመዝገባችን ሁለት ወር በፊት የታመቀ አየር ቧንቧውን ፍሳሽ በሙሉ አስጠግኜ ነበር። ልጆቹ ሌሊቱን ሙሉ ሳይተኙ የሠሩት ሥራ ነው። ከመነሻው በፊት ስለተሠራ ግን አንዱም አልተቆጠረልንም። እስካሁን ይቆጨኛል።

ለመነሻ ቢያንስ የአንድ ዓመት መረጃ ያዙ። ቢል ብቻውን አይበቃም። ከጎኑ በየሳምንቱ የተመረተውን ቶን፣ የፈረቃውን ብዛትና የውጭውን ሙቀት አስገቡ። ምርት ሲቀንስ ቢሉም ይቀንሳላ! ያ ቁጠባ አይደለም። እኛ በተራ ኤክሴል ነው የሠራነው። «በዚህ ምርት ይሄን ያህል መብላት ነበረበት፤ የበላው ይሄን ያህል ነው» እንላለን። ልዩነቱን በየሳምንቱ እየደመርን በግራፍ እናወጣለን። መስመሩ ወደ ታች ከሄደ እየቆጠብን ነው።

አንድ ሰኞ መስመሩ ወደ ላይ ታጠፈ። ብንፈትሽ፣ ቅዳሜ ማታ ማሽን ያጸዱት ሰዎች የአየር መንፊያውን ቫልቭ ሳይዘጉ ሄደዋል። አየሩን የሚያምቀው ማሽን፣ ኮምፕረሰሩ፣ እሑድን ሙሉ ለማንም ሳይጠቅም ሲሠራ ውሏል። ድሮ ቢሆን ይሄን የምናውቀው ቢሉ ሲመጣ ነው። ያኔም ምክንያቱን ማን ያስታውሳል?

ከዚያ ምርት በቆመበት ቀን ፋብሪካውን ዙሩ። ኦፐሬተሮቹን ይዛችሁ ሂዱ፤ ማሽኑን ከእነሱ በላይ የሚያውቀው የለም። ጸጥ ሲል አየር የሚያፈሰው ቦታ ራሱ ይጠራችኋል። በሳሙና አረፋ አረጋግጡና መለያ እሰሩበት። ፍሳሽ ብቻውን ኮምፕረሰሩ ከሚያመርተው አየር ከ20 እስከ 30 በመቶ ሲወስድ ማየት የተለመደ ነው። የአየሩን ግፊት ከ7 ባር ወደ 6 ባር ማውረድ ኮምፕረሰሩ ከሚበላው ኃይል 7 በመቶ ገደማ ይቀንሳል፤ በየጥቂቱ እያወረዳችሁ ማሽኖቹ ሥራቸውን በትክክል መሥራታቸውን እዩ። ፋን ደግሞ የተለየ ነው። ፍጥነቱን በ20 በመቶ ብትቀንሱ የሚበላው ኃይል በግማሽ ገደማ ይወርዳል።

አይኤስኦ 50001 የሚባለው ዓለም አቀፍ የኃይል አያያዝ ደረጃ እ.ኤ.አ. በ2011 ወጥቶ በ2018 ተሻሽሏል። ሰርተፊኬቱን የማይጠይቁ ፕሮግራሞች ስላሉ እሱን ፈርታችሁ አትቅሩ። የሥራ አስኪያጁ ፊርማ ግን የግድ ነው። ያለሱ ምርት ክፍል አይሰማችሁም።

ውል ስትፈርሙ ሦስት ነገር በጽሑፍ ያዙ፦ ቁጠባው ለስንት ዓመት ይቆጠራል፣ ማን ያረጋግጣል፣ አዲስ ማሽን ከገባ መነሻው እንዴት ይስተካከላል? ኮምፕረሰሩ ላይ ደግሞ ወረቀት ለጥፉ። ቅዳሜ ማታ ማን እንደሚያጠፋው በስም ይጻፍ፤ እሱ ከሌለ የሚተካውም እንዲሁ።