በደረቅ ሸለቆ የፍራፍሬ ቦታ አመራረጥ፦ ችግኙ ከመምጣቱ በፊት

በደረቅ ሸለቆ ፍራፍሬ ለመትከል ያሰበ ሰው ዓይኑ ቀድሞ የሚያርፈው ታች ሜዳው ላይ ነው። አፈሩ ጥልቅ፣ ውሃውም ቅርብ ነው። ጉዱ የሚመጣው ሌሊት ነው። ቀዝቃዛ አየር ከሞቃቱ ይከብዳል፤ ሰማዩ ጥርት ብሎ ነፋስ በሌለበት ሌሊት ከዳገቱ እንደ ውሃ ወርዶ ታች ይተኛል። በደረቅ አየር ደግሞ የመሬቱን ሙቀት የሚያቆይ እርጥበት ስለሌለ፣ ቀን ሲያቃጥል የዋለ ቦታ ሊነጋጋ ሲል ውርጭ ሊመታው ይችላል።

ስለዚህ ከመትከል በፊት ለኩ። የሌሊቱን ዝቅተኛ ሙቀት የሚይዝ ቴርሞሜትር አንድ ታች፣ አንድ ተዳፋቱ ወገብ ላይ፣ አንድ ከዚያ በላይ፣ ሁሉንም ከመሬት 1.5 ሜትር ከፍ አድርጋችሁ ስቀሉ። ከላያቸው ጣውላ ክደኑባቸው፤ ለሰማይ ከተጋለጡ ከአየሩ ይልቅ ቀዝቅዘው ያሳስታሉ። በቀዝቃዛዎቹ ወራት በየጠዋቱ መዝግቡ። አብዛኛውን ጊዜ ወገቡ ከታቹ ሞቆ ይገኛል፤ ማንጎ፣ ፓፓያና አቮካዶ የሚገባቸው እዚያ ነው። ታቹ ብርድ ለሚፈልጉት ለፖምና ለፕሪም ይሁን፤ ግን ያበበ ፖም ከዜሮ በታች 2 ዲግሪ ገደማ ላይ አበባው መሞት ይጀምራልና ዘግይቶ የሚያብብ ዝርያ ምረጡ።

ንፋስ ለመከላከል ተብሎ ተዳፋቱን አቋርጦ ጥቅጥቅ ያለ አጥር ይተከላል። አጥሩ ብርዱን እንደ ግድብ ያቁረዋል፤ የሚመቱት ከአጥሩ በላይ ያሉት ዛፎች ናቸው። የአጥሩን ዝቅተኛ ቅርንጫፎች እስከ 1 ሜትር መልምሉ፣ ወይም ለአየሩ መውጫ ክፍተት ተዉ።

ቀጥሎ አፈሩ። 60 ሴንቲ ሜትር ጉድጓድ ቆፍራችሁ በውሃ ሙሉት፤ ሲሰርግ እንደገና ሙሉና ምልክት ያለው እንጨት አቁሙበት። በሰዓት ከ2.5 ሴንቲ ሜትር ያነሰ ከወረደ ሥሩ አየር ያጣል፤ ቦታ ቀይሩ ወይም 30 ሴንቲ ሜትር ከፍ ብሎ በተደለደለ አፈር ላይ ትከሉ። ስትቆፍሩ ነጭ፣ ድርቅ ያለ ንጣፍ ካገኛችሁ ኮምጣጤ ጠብ አድርጉበት። ከፈላ ኖራ ነው። በኖራማ አፈር ዛፉ ብረት መውሰድ ያቅተዋል፤ የለጋ ቅጠሉ ጅማቶች አረንጓዴ ሆነው በመካከላቸው ያለው ቢጫ ሲሆን ታዩታላችሁ። ተራ ማዳበሪያ ቢጨመርበትም አይለቅም፤ ንጣፉን ሰብሮ ማለፍ ይሻላል።

ውሃ በጥቂቱ በየቀኑ ከማርከፍከፍ፣ አልፎ አልፎ እስከ ሥሩ የሚዘልቅ አጠጡ። የረጠበው ክብ ዳር ላይ ነጭ ቅርፊት ከወጣ ጨው እየተጠራቀመ ነው፤ መውጫ ያለው አፈር ከሆነ በብዛት አጠጥታችሁ ወደ ታች እጠቡት።

ጉዝጓዝ (አፈሩን የሚሸፍን ገለባ ወይም ሣር) እስከ 10 ሴንቲ ሜትር ውፍረት ይበቃል፤ ከግንዱ 15 ሴንቲ ሜትር ይራቅ። ከተጠጋ ምስጥና አይጥ ተሸሽገው ቅርፊቱን ይበሉታል። ውርጭ በሚያሰጋባቸው ሳምንታት ግን ጉዝጓዙን ገለል አድርጉ፦ የተራቆተና የረጠበ መሬት ቀን ሙቀት አጠራቅሞ ሌሊት ይሰጣል፣ ጉዝጓዝ የሸፈነው ይህን አያደርግም።

የዱር እንስሳ ነገር አንዳንዴ የውሃ ጥም ነው። በድርቅ ወራት ወፍ ፍሬውን የሚወጋው ጭማቂውን ሽቶ ሊሆን ይችላልና ከማሳው ራቅ ያለ የውሃ ገንዳ ማስቀመጥ ያዋጣል። ጃርት ቅርፊት ይልጣል፤ ግንዱን ዙሪያ በሽቦ መረብ 60 ሴንቲ ሜትር ከፍታ ጠቅልሉት፣ ጫፉንም ቅበሩት። ፍሬ በል የሌሊት ወፍ የሚሻው የበሰለውን ነው፤ ማንጎን ለቅሞ ማብሰል ስለሚቻል ጠጠር ሳለ ማውረድ ነው መፍትሔው። ዳር ላይ 4 ሜትር ምሰሶ ብታቆሙ ጭልፊት ያርፍበታል፤ አይጥ ሊቀንስ ይችላል።