መንገድ ላይ እርዳታ ሰብሳቢዎች ሲያስጨንቁዎት ምን ያድርጉ?

መገናኛ ታክሲ ሰልፍ ላይ ቆመዋል። ሞንታርቦ የጫነ መኪና ጥግ ይዞ "ወገን ለወገን ደራሽ ነው!" ይላል። መኪናው ላይ የታማሚ ፎቶ ያለበት ባነር ተወጥሯል። ያንኑ ፎቶ ቲሸርቱ ላይ ያሳተመ ወጣት ሳጥን ይዞ ይመጣል። "አልያዝኩም" ቢሉት አይሄድም። "አስር ብርም ትሁን፣ ነገ በእርስዎ ይደርሳል" ይላል። ሰልፈኛው ሁሉ ዞሮ ያይዎታል።

እኔ እንዲህ ተጨንቄ ብዙ ጊዜ ሰጥቻለሁ። ከሰጠሁ በኋላ የሚሰማኝ ንዴት ነበር። ምጽዋት በንዴት ሲያልቅ ያሳዝናል።

1. ቤትዎ ሆነው ይወስኑ። በወር ስንት ብር ለማን እንደሚሰጡ አስቀድመው ይቁረጡ። 200 ብርም ቢሆን። የሰፈር አቅመ ደካማ፣ የታመመ ዘመድ ወይም እንደ መቄዶንያ ያለ አረጋውያንን የሚያነሳ ማዕከል ሊሆን ይችላል። ይህን የወሰነ ሰው መንገድ ላይ እምቢ ሲል ህሊናው አይቆረቁረውም።

2. መልስዎ አንድ ይሁን። አያቶቻችን የተዉልን ቃል አለ፤ "እግዜር ይስጥልኝ"። ረጋ ብለው ይበሉትና መንገድዎን ይቀጥሉ። ምክንያት አይደርድሩ። "ዝርዝር የለኝም" ካሉ "እንመልስልዎታለን" ይባላሉ። "ቸኩያለሁ" ካሉ አብረውዎት ይራመዳሉ። "ብር አልያዝኩም" ካሉ ቴሌብር አለ። ደግመው ሲጠይቁዎት ያንኑ ቃል ይድገሙ።

"ሌቦች" ብለው ግን አይሳደቡ፤ አደራ። ፎቶው ላይ ያለችው ሴት እውነትም በሳምንት ሁለት ሦስቴ የኩላሊት እጥበት የምታደርግ ልትሆን ትችላለች። ለቤተሰቧ ስድቡ ሌላ ሕመም ነው።

3. ስቲከር ደረትዎ ላይ ሊለጥፉ ሲሉ በእጅዎ ይከልክሉ። ከተለጠፈ በኋላ መመለስ ያሳፍራል።

4. ልብዎ ከተነካ ያጣሩ። መጀመሪያ "የታማሚዋ ምኗ ነህ?" ብለው ይጠይቁ። የሐኪም ማስረጃውን ይዩ፤ ማህተሙንና በተለይ ቀኑን። ሰብሳቢዎቹ ኮሚቴ ነን ካሉም ፈቃድ እንዲያሳዩዎት ይጠይቁ። በ2011 ዓ.ም የወጣው የሲቪል ማህበረሰብ ድርጅቶች አዋጅ ቁጥር 1113 ከሕዝብ ገንዘብ የሚያሰባስብ የበጎ አድራጎት ኮሚቴ ፈቃድ እንዲያወጣ ያዛል። ዣንጥላ ዘርግተው ለቤተክርስቲያን ማሠሪያ የሚሰበስቡትን የደብሩን ስምና ማህተም ያለው ደረሰኝ ይጠይቁ።

ከዚያ ባነሩ ላይ ያለውን የባንክ ሂሳብ ቁጥር ፎቶ አንስተው ይሂዱ። ማታ በሞባይል ባንኪንግ ቁጥሩን ሲያስገቡ፣ ብሩ ከመላኩ በፊት የባለ ሂሳቡ ስም ይመጣል። ከታማሚው ወይም ባነሩ ላይ ከተጻፈው ተወካይ ስም ጋር ካልገጠመ ይተዉት።

5. መንገድ ከዘጉብዎት ወይም እጅዎን ከያዙ ቅርብ ወዳለ ሱቅ ይግቡ። ካልተዉዎት 991 ደውለው ለፖሊስ ይንገሩ።

ባለፈው ሜክሲኮ አካባቢ አንዱን ልጅ "ምንህ ናት?" አልኩት። "እህቴ" አለ። አልተቆጣም። ከፌስታል ውስጥ ጠርዙ የተበላ የሐኪም ወረቀት አወጣ፤ ቀኑ የዚያው ወር ነበር። በሳጥኑ ምንም አልጨመርኩም። ማታ ቁጥሩን ሳስገባ የእሷ ስም መጣ። ለወሩ ያስቀመጥኩትን ላክሁላት።